የወፍጮ ቤቱ አድሚራል

ጋሽ አጥላባቸው ያረፉ ዕለት የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ ከተማችንን ዘመሮን ከዳር እስከ ዳር እየዞረ «አድሚራል አጥላባቸው አርፈዋልና ቀብር ውጡ» ብሎ ለፈፈ። ማን እንደሞተ ለከተማው ሰው ወዲያው ገባው። ያልገባው በዚያው ሰሞን ከሌላ ወረዳ ተዛውሮ የመጣው የፖሊስ አዛዥ ብቻ ነበር። ሰውየው ውርጭና ገብስ ብቻ ባለበት በዚህ ደጋ አድሚራል ይኖራል ብሎ እንዴት ይጠርጥር! ደንግጦ ያሉትን ፖሊሶች ሁሉ ልብስ አስተኮሰ፤ ጫማ አስጠረገ። ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲገባ በሩ ላይ አሰልፎ ወታደራዊ ሰላምታ አሰጠ። እኛ እርስ በርስ ተያየን እንጂ ማንም ትንፍሽ አላለም። መሪጌታ ልሳነወርቅ ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «እንዳትነግሩት። ይኼኔ አጥላባቸው እላይ ሆኖ ደረቱን ነፍቷል» አሉኝ።

ጋሽ አጥላባቸው አድሚራል ቀርቶ የአሥር አለቃ መሆናቸውንም እርግጠኛ አይደለሁም። በጉብዝናቸው ከመንዝ ወርደው ባሕር ኃይል ገቡ፤ ምጽዋ ላይ በጦር መርከብ አገለገሉ። መንግሥት ሲለወጥና ባሕሩም ሲቀር ወደ ተወለዱበት ደጋ ተመልሰው አንድ አሮጌ የናፍጣ ወፍጮ ተከሉ። እኔ ሚስትና ልጆች ይዤ ሥራ ፈትቼ ሳለሁ ነው ጆንያ ለመሸከምና ሞተሩን ለመርዳት የቀጠሩኝ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በሩ ላይ አቆሙኝና መርከብ ላይ ወጥቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ኧረ በጭራሽ አልኳቸው።

«እንግዲያው ቀኝ እግርህን አስቀድም፤ አሁን ልትወጣ ነው» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስረዳው ሰውየው ወፍጮ ቤት ከፈቱ እንጂ ከመርከብ አልወረዱም። ነጭ የባሕር ኃይል ኮፍያቸውን ሳያደርጉ ሞተር አያስነሡም። ነጭ ልብስ የተፈጠረው ለሁለት ሥራ ነው፣ ለባሕር ኃይልና ለወፍጮ፤ በሁለቱም ቦታ ቆሻሻህ አይታይም ይሉ ነበር። ሞተሩ ያለበትን ክፍል በግማሽ ግድግዳ ከልለው «ሲቪል መግባት ክልክል ነው» ብለው በኖራ ጽፈውበታል። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ሳይቀሩ ጽሑፉን ያከብሩታል፤ ምክንያቱም አንዲት ሴት አንድ ቀን ብርድ ሸሽታ ሞተሩ አጠገብ ብትቀመጥ፣ በርኖሷን የሞተሩ ቺንጊያ ይዞት ነበርና ጋሽ አጥላባቸው አንድ ሙሉ ጠዋት ቆመው በወደብ ሕግ ዳኝተዋታል።

ከመሪጌታ ልሳነወርቅ ጋር የተጣሉትም በዚሁ የመርከብ ሥርዓት የተነሣ ነው። መሪጌታ የደብራችን አስተማሪ ናቸው፤ ድምፃቸው እንደ ነጋሪት ነው፣ ትዕግሥታቸው ግን እንደ ክብሪት። ጋሽ አጥላባቸው መርከብ ያለ ደወል አይሄድም ብለው አንድ የመኪና ቸርኬ ከበሩ ላይ ሰቀሉና ወፍጮው ሥራ ሲጀምር ይደልቁት ጀመር። በማግስቱ ከገደሉ ማዶ ያሉ ሰዎች የሞት ደወል መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። የሚቀበር ሰው የለም። መሪጌታ መጡና ሙት በሌለበት ቀባሪ የሚጠራ ወፍጮ ከወዴት መጣ ብለው ተቆጡ። ጋሽ አጥላባቸው ደወሉን አወረዱ። አወረዱ እንጂ አልተሸነፉም፤ በምትኩ በፉጨት ያስጀምሩ ጀመር። ፉጨታቸው ደግሞ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ወፍጮ ቤት ድረስ ያመጣ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ የምታገሠው ለታሪካቸው ስል ነው። ጋሽ አጥላባቸው ስለ ጦር መርከብ የሚያውቁት ነገር ማለቂያ አልነበረውም። ከየት እንዳመጡት እንጃ። ከፊሉን ባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተምረውታል፣ ከፊሉን መርከበኛ ከመርከበኛ ሰምተውታል፤ የቀረውን ራሳቸው የጨመሩበት ይመስለኛል። ሞተሩ ሲነሣ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ ስለዚህ የሚያወሩት የወፍጮው ድንጋይ በሚወቀርበትና ሞተሩ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ነው። ሞተሩ ደግሞ ከሚገባው በላይ ቶሎ ቶሎ ለመቀዝቀዝ ይቆም ነበር! እናቶች ገብሳቸውንና ባቄላቸውን ተንተርሰው ይቀመጣሉ፤ ጋሽ አጥላባቸው በጆንያ ክምር ላይ ይወጣሉ።

የዓለም ታሪክ ማለት ለእሳቸው የመርከብ ታሪክ ነው። የብስ ላይ የተሳሳተ ይደናቀፋል፣ ባሕር ላይ የተሳሳተ ይቀራል፤ ስለዚህ ባሕር ላይ ያለ ሰው ያስባል ይላሉ። ሲጀምሩ ከጥንቱ ከቀዛፊዎቹ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የጦር መርከብ እንደ አውራ በሬ ከፊቱ የነሐስ ቀንድ ነበረው፤ ወግቶ ጎን ይበሳል፤ መቅዘፊያውን የሚጎትቱት ሰዎች ደግሞ ከታች እንደ ጥማድ ተደርድረው ነው። ከዚያ ውሃ የማያጠፋው እሳት ስለሚተፋው መርከብ ይመጣሉ። አንዲት እናት ውሃ ካላጠፋው ታዲያ በምን አጠፉት ብላ ብትጠይቅ፣ በአሸዋና በሆምጣጤ፣ ያም ካለቀ በሽንት አሏት። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አንድ ሽማግሌ ግን ነገሩን በጽሞና አስቦ፣ ወታደሩ ሁሉ አስቀድሞ ብዙ ጠላ ሊጠጣ ይገባ ነበር አለ። ጋሽ አጥላባቸው ይህን አስተያየት በጣም ወደዱትና ከዚያ በኋላ እንደ ራሳቸው እያደረጉ ይናገሩት ነበር።

የሸራ መርከቦችን ዘመን እናቶች ሳያስረዷቸው ነው የተረዱት። ነፋስ ከሌለ ውጊያ የለም ሲሏቸው፣ እኛም ነፋስ ከሌለ እህል አናነሣም፣ መንሹን ይዘን ቆመን እናድራለን አሉ። ከዚያ ብረት የለበሱ ሁለት መርከቦች ቀኑን ሙሉ ሲተኳኮሱ ውለው አንዱም ሌላውን ሳይጎዳ ወደየቤታቸው መመለሳቸውን ሲተርኩ፣ ሴቶቹ ወዲያው ወደ አንዲት ጎረቤታቸው ዞሩ። ከባሏ ጋር እንዲህ እንደምትኖር ሁሉም ያውቃል። እሷም ሳትከፋ፣ «እኔ የመጀመሪያዋ ነኝ፤ ቀድሜ እተኩሳለሁ» አለች።

ሰርጓጅ መርከብን ለማስረዳት ግን ጋሽ አጥላባቸው የሣር ሜዳችንን ጓሳን ተጠቀሙ። ጓሳ ሣር ሊያጭድ የወጣ ሰው ሁሉ ፍልፈልና ቀይ ቀበሮ ያውቃል። ፍልፈሉ ከመሬት በታች ይሄዳል፤ አንዳንዴ አንገቱን ብቅ አድርጎ ያያል። ቀበሮው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። «በቃ፣ ፍልፈሉ ሰርጓጅ ነው፤ ቀበሮው አሳዳጅ መርከብ ነው። ልዩነቱ ቀበሮው ደመወዝ የለውም» ይላሉ። እኔ እስከ ዛሬ ጓሳ ላይ ቀበሮ አድፍጦ ሳይ ኮፍያ ያደረገ ይመስለኛል።

ከሰሚዎቹ መካከል ዝም ብለው የሚሰሙ አንዲት ሴት ነበሩ፤ እትዬ የሺመቤት። ባላቸው የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ገብሳቸው ተነፍቶ ተለቅሞ አንድ ጠጠር የማይገኝበት ሴት ናቸው። ሌሎቹ ስለ አዛዡና ስለ መድፉ ሲጠይቁ፣ እሳቸው ሁልጊዜ ያቺኑ አንዷን ነገር ነው የሚጠይቁት፦ መርከቡ ሲመታ ከታች ያሉት ሰዎች ምን ሆኑ? ጋሽ አጥላባቸው ለሁሉም ጥያቄ መልስ አላቸው፤ ባይኖራቸውም ያበጃሉ። ይቺን ሲጠየቁ ግን ፊታቸው ይለወጥና፣ ሞተሩ በርዷል፣ ተነሡ ይላሉ። እኔ መጀመሪያ የገባኝ ነገር አልነበረም። በኋላ ሚስቴ ነገረችኝ። እትዬ የሺመቤት አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ባሕር ኃይል ገብቶ በመርከብ ሞተር ክፍል ይሠራ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ወጥቶ ቀረ። ሞተ ያለ ሰው የለም፣ አለ ያለም የለም። ጋሽ አጥላባቸው ይህን ያውቃሉ። እትዬ የሺመቤት አንድ ጊዜ ወንድሜን ያውቁታል ወይ ብለው ጠይቀዋቸው፣ ጋሽ አጥላባቸው አላውቀውም ብለዋል።

ወደ መሪጌታ ልመለስና፣ የኖኅን ነገር ሳልናገር ባልፍ የዘመሮ ሰው ይታዘበኛል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ከጥዱ ሥር ቁጭ ብለው ሳለ አንድ ሰው ነገር ፈልጎ የኖኅ መርከብ ከጦር መርከብ ጋር እንዴት ይተያያል ብሎ ጋሽ አጥላባቸውን ጠየቀ። ጋሽ አጥላባቸው ትልቅነቷን አደነቁ፤ እንጨቷን አደነቁ፤ ግን አንድ ጉድለት አለባት፣ መሪ የላትም አሉ። መጽሐፉ ስለ በሯና ስለ መስኮቷ ይናገራል፣ ስለ መሪዋ ግን አንድም ቃል የለም አሉ።

መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነሡ። «መሪዋ እግዚአብሔር ነበር» አሉ።

«እሱማ አድሚራሉ ነው፤ ማን ይክዳል?» አሉ ጋሽ አጥላባቸው። «እኔ የምለው የሚዞረውን መሪ ነው። መሪ ከሌለ መሪጌታ ምን ይሠራል?»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ችግሩ የመጣው ከሳቁ ነው። መሪጌታ ካባቸውን ሰብስበው ሄዱ። ለብዙ ጊዜ ደቀ መዛሙርታቸው እህል ሲያስፈጩ እንኳ ሌላ ሰፈር ይሄዱ ነበር። ጋሽ አጥላባቸውን ይህ አስጨነቃቸው። በመጨረሻ አንድ ቀን የደብሩን የድግስ እህል ሙሉ በነጻ እንፈጫለን ብለው እኔን ላኩኝ። መሪጌታ መጡ። መጡና ጆንያው ላይ ተቀምጠው፣ ሲያስቡት መክረማቸውን ተናገሩ፤ ውሃው ዓለሙን ሁሉ ከሸፈነ መሄጃ የለም፣ መሄጃ ከሌለ ደግሞ መሪ ለምን ያስፈልጋል አሉ። ጋሽ አጥላባቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ እሳቸው ለሰው ሲረቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የማይለያዩ ወዳጆች ሆኑ፤ ወዳጅነታቸውም ሙሉ በሙሉ ክርክር ነበር።

እንግዲህ አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። አንድ የገበያ ቀን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አንዲት መኪና እያስነጠሰች መጥታ ቆመች። ጓሳን አይተው ዘመድ ሊጠይቁ ወደ እኛ የዘለቁ አንድ ጎልማሳነትን ያለፉ ሰው ወረዱ፤ የመኪናቸው ናፍጣ ቆሻሻ ገብቶበት ነበርና የናፍጣ ሞተር የሚያውቅ ሰው የት አለ ሲሉ ወፍጮ ቤት ተጠቁመው ነው። ጋሽ አጥላባቸው ማጣሪያውን ፈትተው ሲነፉ ሰውየው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮፍያ አዩ። ፈገግ አሉ። እሳቸውም በጡረታ የተገለሉ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ።

ወሬው ገበያውን ሞላ። እውነተኛ የባሕር ኃይል መኮንን መጣ፤ የአድሚራላችን ታሪክ ዛሬ ይመሰከራል። እህል የሌላት ሴት ሁሉ ባዶ አቁማዳ ይዛ ገባች። መሪጌታ ሳይቀሩ መቋሚያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ የሺመቤት ከሁሉ ኋላ፣ ቁናቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጋሽ አጥላባቸውን አየሁ፤ ላብ አጥምቋቸዋል። ያን ያህል ዘመን አብሬያቸው ስሠራ በዘመሮ ብርድ ሲያልባቸው አይቼ አላውቅም።

መኮንኑ ደግ ሰው ነበሩ። የመርከቡን ስም ጠየቁ፤ ጋሽ አጥላባቸው ተናገሩ። መኮንኑ ያን መርከብ አወቁት፤ ወደቡን ጥሎ ሲወጣ ስለነበረው ውጊያ ሰምተው ነበር። ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ይህ ሰው ያን ቀን እዚያ ከነበረ ብዙ ነገር አይቷል አሉ። ከዚያ ወደ ጋሽ አጥላባቸው ዞረው፣ «መቼም ሁሉንም ከላይ ሆነው ነው ያዩት?» አሉ።

አዎ ማለት ይችሉ ነበር። ሰውየው መንገዱን ከፍተውላቸዋል፤ ከተማው በሙሉ አዎን እየጠበቀ ነው። ጋሽ አጥላባቸው የያዙትን ማጣሪያ በጨርቅ ጠረጉ፤ እንደገና ጠረጉት።

«ምንም አላየሁም» አሉ። «ሞተር ክፍል ነበርኩ። መስኮት የለውም።»

አንድ ሰው ከኋላ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። እኔ ለጋሽ አጥላባቸው አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። እስከ ዛሬ ከጆንያው ክምር ላይ ሆነው ሲተኩሱልን የኖሩት መድፍ ሁሉ ያን ቀን ጸጥ አለ። በዚያ መካከል እትዬ የሺመቤት ቁናቸውን አስቀምጠው ተነሡና በሰዉ መካከል አልፈው መጡ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉኝ?» አሏቸው።

«ላይ የነበረ ሰው ታሪክ አለው፣ እመቤት» አሉ ጋሽ አጥላባቸው። «ታች የነበረ ሰው ያለው ጆሮ ብቻ ነው። ምን ብዬ ልንገርዎ? ወንድምዎን አላውቀውም። የቆመበትን ቦታ ግን አውቀዋለሁ።»

ከዚያ እንደ ወትሮው ጆንያ ላይ ሳይወጡ፣ እዚያው ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ሙቀቱ እንደ ምጣድ ሥር ነው አሉ። ላይ ምን እንደሆነ የምታውቀው ከግድግዳው ላይ ባለው የትእዛዝ ሰሌዳ ነው፤ ቀስቱ ይዞራል፣ ደወል ይመታል፤ ሙሉ ፍጥነት ይላል፣ ቁም ይላል፣ ወደ ኋላ ይላል። ማን እንደሚያባርርህ፣ ማንን እንደምታባርር አታውቅም። መርከቡ ሲመታ ጆሮህ ይደፈናል፣ መብራት ይጠፋል፤ አንተ በእጅህ ዳስሰህ ዘይቱን ትጨምራለህ።

እትዬ የሺመቤት ሰው እዚያ ታች ሆኖ ምን ያወራል ብለው ጠየቁ።

«ይቀልዳል። አንዱ ጓደኛችን ከላይ ሲተኮስ በሰማ ቁጥር፣ 'አይ እነዚያ ሰዎች! እነሱን ብርድ እየመታቸው ነው፤ እኛ እንኳ ሞቆናል' ይል ነበር።»

እትዬ የሺመቤት ሳቁ። ስንት ዘመን ስናውቃቸው ሲስቁ አይተናቸው አናውቅም፤ ሳቃቸው ቀጭን፣ የልጃገረድ ሳቅ ነበር። የእኔም ወንድም እንዲህ የሚል ልጅ ነበር አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ፤ ሌሎቹም አለቀሱ። መኮንኑ ከቆሙበት ቀጥ ብለው ለጋሽ አጥላባቸው ሰላምታ ሰጡ። መሪጌታ ደግሞ ዮናስም በዓሣ ሆድ ውስጥ ሆኖ መስኮት አልነበረውም፣ ነገር ግን ነቢይ ከመባል የከለከለው የለም አሉ።

ከዚያ ቀን ወዲያ እናቶች ስለ ነሐስ ቀንዱም ስለ ብረት ለበሱም መስማት ትተው ያቺን የታችኛዋን ታሪክ ብቻ ይጠይቁ ጀመር። ጋሽ አጥላባቸው መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ስንት የነገሥታት መርከብ እያለ የዘይት ነገር ምን ያደርግላችኋል ይሉ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ታሪኩ ሳያውቁት ያድግላቸው ጀመር። የቀዛፊዎቹን ዘመን ሲያወሩ ከመቅዘፊያው ወንበር ይጀምራሉ፤ የሸራውን ሲያወሩ ባሩድ ከታች ተሸክሞ ከሚወጣው ሰው። አዛዦቹ ወደ መጨረሻው ብቅ ይላሉ፤ አንዳንዴ ጊዜው ስለማይበቃ ጨርሶ አይመጡም።

እትዬ የሺመቤት ደግሞ ዱቄታቸው ባላለቀበት ቀን መምጣት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ጋሽ አጥላባቸው፣ «የሺ፣ ነይ ከብርድ ግቢ» ሲሉ ሰማሁ። «እርስዎ» የቀረው ያን ጠዋት ነው። ወፍጮ ቤቱ በሙሉ ሰማ፤ ሁሉም እህሉን እንደሚያይ ሆኖ አጎነበሰ። ይባስ ብሎ ያስገቧቸው ወደዚያ ሲቪል ወደማይገባበት ክፍል ነበር። የዚያኑ ጊዜ ለመሪጌታ ሄጄ ልንገራቸው ብል እሳቸው ቀድመው ሰምተው፣ ሙሽራዋ ባል የሞተባቸው ናቸውና የተክሊሉን ሳይሆን የቁርባኑን ነገር ያስቡ ነበር። በቁርባን ተጋቡ፤ ለጥቂት ጥሩ ዓመታትም አብረው ኖሩ፤ ጋሽ አጥላባቸው ልባቸውን ታመው እስኪያርፉ ድረስ።

በሠልስቱ ዕለት የለቅሶው ድንኳን ሞልቶ ነበር። ስለ ሟቹ ጀግንነት እየተነሣ ይወራል፤ አንዱ መድፍ ይጨምራል፣ ሌላው መርከብ ያሰምጣል። እትዬ የሺመቤት ከጥጉ ተቀምጠው ሲሰሙ ቆዩና አንድ ነገር ልናገር አሉ።

ከተጋቡ በኋላ፣ አሉ፣ ጋሽ አጥላባቸውን ውሃ አሳየኝ ብለው ለምነዋቸው ነበር። ባሕሩ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ ቢሾፍቱ ሐይቅ ወስደዋቸው ጀልባ ተከራዩ። ጋሽ አጥላባቸው ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ከፊት ቆሙ። ጀልባዋ ገና ከዳር ፈቀቅ ከማለቷ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ተቀመጡ፤ ቀጥሎ ተደፉና ያስታውኩ ጀመር። ቀዛፊው ልጅ፣ እማማ፣ አባባ ውሃ አልለመዱም መሰለኝ አላቸው። እትዬ የሺመቤት ግንባራቸውን ደግፈው እንደ ሕፃን ይዘዋቸው ነበር። «ያን ጊዜ 'የሺ፣ ለማንም እንዳትነግሪ፤ ምጽዋም ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነበርኩ' አለኝ» አሉ። «ታዲያ ለምን አልተውከውም ብዬ ብጠይቀው፣ 'ካፒቴኑ ትለምደዋለህ ብሎኝ ነበር፤ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው' አለኝ።»

መጀመሪያ የተሰማው የመሪጌታ ድምፅ ነበር። በነጠላቸው አፍነውት እንደ ማልቀስ አድርገው ነበር፤ ትከሻቸው ግን አጋለጣቸው። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ፤ ከውጭ ሊያስተዛዝን የገባ አንድ እንግዳ የተሳሳተ ቤት የገባ መስሎት ወደ ኋላ ተመለሰ። እትዬ የሺመቤት እያነቡም እየሳቁም ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነበር» አሉ። «ምን ላድርግ፤ ብቻዬን መሳቅ አቃተኝ።»